የአይጦቹ ጉበት

መስከረም 12 ቀን 2003

ትምህርት ተጀመረ። የማስተምረው ዘጠነኛ ክፍል ሞልቷል፣ ጠመኔ የለም። ዩኒቨርሲቲ አይጦች ላይ የመድኃኒት ሙከራ ስሠራ ከርሜ መጥቼ እጄ አሁንም አይጥ አይጥ ይሸታል።

ማታ እህቴ አርዋ ስለ አይጦቹ ጠየቀችኝ። ክረምቱን የሰጠኋቸው እሷ የምትውጠውን የሚጥል በሽታ ኪኒን እንደሆነ ታውቃለች።

«ሆዳቸው ሲከፈት ምን ሆኖ አገኘሽው?»

«ጉበታቸው ተጎድቷል።»

«የኔስ?»

ዝም አልኩ። አይጦቹ የወሰዱት ከእሷ ብዙ እጥፍ ነው። ይሄን መናገር ምን ያቅታል?

መስከረም 15

ለምን ዝም እንዳልኩማ አውቀዋለሁ። ሳዑዲ ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። ደላላው ለሜዲካል፣ ለጤና ምርመራው፣ ደሴ ነይ ብሏታል። በሽታዋን ደብቃ… ሰው አገር፣ ሰው ቤት ብትወድቅ ማን ያነሳታል? ብለምናትም እምቢ ነው የምትለኝ። ጉበቷን ከፈራች ትቀራለች ብዬ ነው።

ዛሬ ደግሞ ጨመርኩበት። «ምርመራው ላይ እኮ ጉበትም ያያሉ» አልኳት። ፊቷ ልውጥ አለ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ!

መስከረም 23

ስለ ጉዞ ማውራት ትታለች። አልሐምዱሊላህ።

መስከረም 29

ከክፍል ጠርተው አወጡኝ። አርዋ ልብስ ስታጥብ ጥሏት ወንዝ ውስጥ… ጎረቤታችን ፋጢማ ጎትታ ባታወጣት ሰምጣ ነበር። ጤና ጣቢያ ስደርስም መንፈራገጡ አልቆመም። ኪኒኑን ከጀመረች ወዲህ እኮ ጥሏት አያውቅም!

«ሰሞኑን ስትውጥ አላየኋትም» አለች እናቴ። «ብጠይቃት ደህና ነኝ አለችኝ… ያ አላህ፣ ልጄን!»

መስከረም 30

አልነቃችም። እናቴ ዱዓ ታደርጋለች። እኔ ቅንድብ ላበጅ ብዬ ዓይን አጠፋሁ።

ጥቅምት 2

ነቃች። ሁለት የፊት ጥርሷ የወንዙ ድንጋይ ላይ ቀርቷል።

«ለሜዲካሉ ብዬ ነው ኪኒኑን የተውኩት» አለችኝ። «ጉበቴ እስኪጠራ።»

ሁሉንም ነገርኳት። የአይጦቹን መጠን፣ ለምን ዝም እንዳልኩ… ግድግዳውን እያየች ሰማችኝ።

«እንዳትሄጂ ብዬ እኮ ነው፣ አርዋዬ።»

«አትሂጂ ብትይኝ እንጣላ ነበር። በቃ፣ እንጣላ ነበር።»



ጥቅምት 20

ኪኒኗን ትውጣለች። እኔ ሳቀብላት ግን ታስቀምጠውና እናቴን ትጠራለች። እናቴ አይታ «እሱው ነው፣ ዋጪው» ስትላት ትውጠዋለች።

ዛሬ ደላላው ደወለ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ሰጠኋት። አፏን በሻርፗ ሸፍና «አልሄድም» አለችው።

የፈለግኩት ሆነ።