የሄሊኮፕተርህ ሦስተኛ እጅ

ጀማልዬ፣ አሰላሙ ዓለይኩም።

ከተለየኸኝ ወዲህ ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብዬ ልዋሽህ አልፈልግም። የግቢውን በር አረንጓዴ ቀባሁት፤ ብትኖር በቀለሙ ሳምንት ሙሉ ትነዘንዘኝ ነበር። ሽሮ ሜዳ ያለው ሱቃችን ደህና ነው፤ ጋቢውም ነጠላውም ይሸጣል፣ እኔም እንደ ድሮዬ ከደንበኛ ጋር እከራከራለሁ። ወደ ቤት ስገባ ግን የሚነዘንዘኝ የለም። በጣም የምትናፍቀኝ ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ለማልቀስ አይደለም። አንድ ነገር ገርሞኝ ነው።

ልብሶችህን ወንድሞችህ ሰደቃ አድርገው ሰጡልህ። የምታበራት ሳይሆን ገና ስትሠራት የነበረችው ትንሿ የሪሞት ሄሊኮፕተር ግን ቁም ሳጥኑ ላይ እንደተውካት ቀረች። ባለፈው ሰሞን ከድር መጣ፤ ያ እሁድ እሁድ ከቁስቋም በላይ ሜዳው ላይ አብሮህ የሚያበር ጓደኛህ። ዕቃዋን ፈታትቶ ለራሱ ሊጠቀምበት ጠየቀኝ። እሺ አልኩት፣ መጀመሪያ ግን እኔ ልጨርሳት። ጎዶሎ ዕቃ ከቤቴ አይወጣም። ታውቀኛለህ፤ ጥለቱ ያላለቀ ነጠላ ለደንበኛ አሳይቼ አላውቅም።

ከላይ ከሚሽከረከረው ክንፍ ሥር ሦስት ትንንሽ ሞተሮች አሉ፤ ሰርቮ ትላቸው ነበር። ክንፉን ወዲህና ወዲያ የሚያዘነብሉት እነሱ ናቸው። በየሰርቮው አናት ላይ አንዲት የፕላስቲክ እጅ ትገጠማለች። እጇ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች አሉ፣ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ክንፉ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ይታሰራል። ሁለቱን ገጥመሃቸዋል። ሦስተኛው ባዶውን ነበር፤ ሆስፒታል የገባኸው ያኔ ነው።

የቀሩት እጆች በትንሽ ፌስታል ተቋጥረው አገኘኋቸው፣ አጭርም ረጅምም፣ ባለ አራት ጣትም። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ረጅሟን መረጥኩ። ሳቅ እንጂ! ዕድሜዬን ሙሉ ሱቅ የዋልኩ ሴት ነኝ፤ ገዢ ጋቢ ሲያነሳ መጀመሪያ በክንዱ ርዝመቱን ነው የሚለካው። ረጅሟን ገጠምኩ፣ ዘንጉን ዳር ያለው ቀዳዳ ላይ አሰርኩ፣ ብሎኗን በካቻቢቴ አጠበቅኩና ኮራሁ። ባትሪውን ሳገናኘው እጇ ዞራ በጎኗ ተኛች፣ ክንፉም ተንጋደደ።

ያን ጊዜ ነው አንተ የገጠምካቸውን ጎንበስ ብዬ ማየት የጀመርኩት። ሁለቱም በስኳድራ የተለኩ ይመስል ቀጥ ብለው ቆመዋል። እንዴት አድርገህ ነው? ፌስታሉ ሥር ደግሞ የተቆራረጠ ፕላስቲክ አለ። ደህናውን ዕቃ ለምን ቆረጥከው? ይህ እንቅልፍ ነሳኝ።

መልሱን ያገኘሁት ባለ አራት ጣቷን አንስቼ ስሞካክር ነው። ለካ ባትሪው ቀድሞ ይገናኛል፣ ሰርቮው መሃሉን ይዞ ይቆማል፣ እጅ የምትገጠመው ከዚያ በኋላ ነው። አራቱ ጣቶች ደግሞ እኩል አይቆሙም። ሰርቮው ላይ የሚሰካው መሃላቸው ጥርስ ጥርስ ስለሆነ አንዷ ወደ ቀኝ ትንሽ ታጋድላለች፣ ሌላዋ ወደ ግራ። እያነሳህ፣ እያዞርክ፣ እየመለስክ ትሞክራለህ፤ ቀጥ የምትለውን ስታገኝ እሷን አስቀርተህ ሌሎቹን በፒንሳ ትቆርጣለህ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠህ ስትነካካ የምትውለው ይህን ኖሯል! የኔዋ ቀጥ ስትል ብቻዬን እልል አልኩ። ጎረቤት ምን ብሎ ይሆን።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። አንተ ዘንጉን ያሰርከው ለመሃሉ በጣም የቀረበው ቀዳዳ ላይ ነው፣ በሁለቱም። እኔም ሦስተኛዋን እንደነሱ አድርጌ አሰርኩ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ።

ከድር ሊወስዳት ሲመጣ ሪሞቱን ነካ ነካ አደረገ። ክንፉ በዝግታ አዘነበለና ተመለሰ። ከድር ጎንበስ ብሎ ሦስቱን ዘንጎች በየተራ አየ። ከዚያ አስረዳኝ፤ የዳሩ ቀዳዳ ክንፉን ብዙ ያንቀሳቅሳል፣ የውስጡ ጥቂት። በውስጡ ከታሰረ የጀማሪ እጅ ቢንቀጠቀጥ እንኳ ሄሊኮፕተሯ አትደነብርም። አንተ ለራስህ ሁልጊዜ ዳሩን ነበር የምትጠቀመው፣ ሁሉም እየጮሁብህ። ይህችን ለጀማሪ ነው የሠራት፣ ከኛ መሃል ግን ጀማሪ የለም አለና አየኝ።

ጀማል፣ አንድ ጊዜ ሜዳው ላይ ሪሞቱን ስትዘረጋልኝ፣ አናትህ ላይ እንዳወርዳት ነው ወይ ብዬ ስቄ ነበር። አንተም ስቀሃል። ነገሩ በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከድር ሳይወስዳት ሄደ። ባለፈው እሁድ ሜዳው ላይ ጠበቀኝና ሪሞቱን ያዝኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ ግን አልደነበረችም። ከሣሩ ጉልበት ያህል ከፍ ብላ ቆመች። እኔም በቢስሚላህ ላይ ቢስሚላህ እየደራረብኩ አወረድኳት። ሳልሰብራት!

አሁን የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው። መቼ ልትነግረኝ ነበር? ሦስተኛዋን ስትጨርስ? ወይስ ምንም ሳትል ሪሞቱን እጄ ላይ ልታስቀምጥ? ሁለቱንም እያሰብኩ እስቃለሁ፣ አለቅሳለሁም።

አላህ ጀነቱን ይስጥህ። በዱዓዬ እንደማልረሳህ መንገር አያስፈልገኝም። አንድ ቀን ግን ከድርና ጓደኞቹ፣ እጅሽ ለምዷል፣ ዘንጉን ወደ ዳሩ ቀዳዳ አውጪው ማለታቸው አይቀርም። አላወጣውም። አንተ አስበህ ያሰርክልኝ ቦታ ላይ እንዳለ አበራታለሁ፣ በየእሁዱም ስምህን አነሳለሁ።

ያንተዋ ዘይነብ