ከጣሪያው የወረደው ሽቦ

ሰኞ፣ ግንቦት 4/2006

የአሥረኛ ክፍል ክለሳ ዛሬም ኩሎምብ ላይ ነው። ሦስት ቻርጅ በአንድ መስመር፤ ፖዘቲቭ አራት፣ ኔጋቲቭ ሁለት፣ ፖዘቲቭ አንድ ማይክሮ ኩሎምብ። መሀላቸው ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር። መካከለኛው ላይ የሚያርፈው ኔት ፎርስ? ክፍሉ በሙሉ 0.8ን ከ0.2 ጋር ደምሮ አንድ ኒውተን አለ። ይታይሽ ብቻ፣ ከአዘና መጥታ እዚህ እንጅባራ ቤት ተከራይታ የምትማረዋ፣ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ አንዱ ወደ ግራ ሌላው ወደ ቀኝ እየሳበው እንዴት ይደመራል?" ይቀነሳል። 0.6፣ ወደ ግራ። ደስ አለኝ።

አልቆየም። በዘንገና ሐይቅ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነጎደ። ያኔ አየሁት። ጣሪያው ላይ ከተተከለው የሚኒ ሚዲያ ድምፅ ማጉያ የወረደ ሽቦ፣ ፕላስቲኩ ተልጦ፣ በኋላው ግድግዳ በልጆቹ ትከሻ ሥር ያልፋል።

ማክሰኞ

ለርዕሰ መምህሩ ነገርኩት። መብረቅ የድምፅ ማጉያውን ብረት ቢመታው በሽቦው ክፍል ይገባል አልኩ። ሳቀ። ስንት ክረምት አሳልፏል፣ ፈተናው ይለፍ አለ። ሌላ ክፍል ስጠይቅ የለም አለ። ራሴ ላውርደው ብል ንብረት አትንኪ ተባልኩ።

ዛሬም ዘነበ። ማስታወሻዬ፣ ፈርቻለሁ።

ሐሙስ

ሰማዩ ሲያጉረመርም የኋላ ረድፉን ወደ ፊት አመጣሁ። አለምነው፣ ረጅሙ ልጅ፣ ወንበሩ ጠበበኝ ብሎ ተመለሰና ግድግዳውን ተደገፈ። ልጠራው አፌን ስከፍት ሁሉም ነጭ ሆነ። ድምፁን አላስታውስም። የተቃጠለ ፀጉር ሽታ። አለምነው ወለሉ ላይ። ይታይሽ በአዊኛ እናቷን ትጣራለች። በባጃጅ ሆስፒታል ወሰድነው። ይተነፍሳል። ተመስገን፣ ይተነፍሳል።

ዓርብ

ነቅቷል። ትከሻው ተቃጥሏል፤ ግራ ጆሮው አይሰማም። ርዕሰ መምህሩ ሆስፒታሉ በር ላይ ለብቻዬ ጠራኝ። የእግዜር ቁጣ ነው በይ፣ የሽቦውን ነገር አታንሺ። ሰኞ ክለሳው በዚያው ክፍል ይቀጥላል አለኝ።

ሄጄ አየሁ። ድምፅ ማጉያው ከስሏል። ሽቦው እንዳለ ነው።

እሑድ

ደመናው ከጠዋት ጀምሮ አልተገለጠም። የአለምነው አባት ከቅዳሴ መልስ ከጥርባ ድረስ መጡ። አማርኛውን ቃል እየመረጡ ነው የሚናገሩት። "መምህርት፣ ልጄ ምን በድሎ ነው? ሰዉ ቁጣ ነው ይላል። እርስዎ የመብረቅን ነገር ያስተምራሉ አሉኝ።"

ምንም አልበደለም አልኳቸው። ሽቦውን ነገርኳቸው። ማክሰኞ ተናግሬ እንዳልተሰማሁም። እንዲቆጡ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። የሌሎቹ ልጆች ወላጆች ያውቃሉ ወይ ብለው ብቻ ጠየቁኝ።

አያውቁም።

ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ። እሳቸው ዛሬውኑ ቤት ለቤት ይዞራሉ። ነገ ጠዋት የክፍሉ በር ላይ አብረን እንቆማለን። ሥራዬ ቢሄድ ይሂድ። አንድም ልጅ አይገባም።