ዘመድ የሚቆጥረው አፕሌት

እሑድ

የኮምፒዩተሩን ቁልፍ ብትጫን ብትጫን፣ ዝም። «ይሄ ነገር ምላስ የለውም እንዴ?» አልኳት ልጄን ዘሃቫን። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን የምትጽፈው እሷው ናት። ስለ እሷ ስናገር ትስቃለች። ጻፊው ብያለሁ፣ ጻፊው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅ ልጄ ናታን የቤኤር ያዕቆብ ከተማዋን ሺራን ሊያገባ ነው። ዓርብ አያቷ ፈንታ፣ የድሮ ተሳዳቢዬ፣ ዝምድና ሊያስቆጥር ሰው አስከትሎ ይመጣል። ከአገር ይዘነው በመጣነው ደንብ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ከተገኘ ጋብቻ የለም። ዘር ቆጣሪው ደግሞ እኔ ነኝ። ጭንቅላቴ አልደከመም፤ የደከመው ምላሴ ነው፤ ስለዚህ ኮምፒዩተር ይቁጠርልኝ ተባለ።

ዘሃቫ ተማሪ ሳለች የነገርኳትን ስም ሁሉ አፕሌት በሚሉት ትንሽ ፕሮግራም አስገብታው ነበር። አፕሌቱ አንድ ድረ ገጽ ውስጥ ተቀምጧል። አሁን አዲስ ቁልፍ ሠራችለት፤ ሁለት ስም ጽፈህ ስትጫን ስክሪፕት የሚሉት የገጹ ትእዛዝ አፕሌቱን ጠርቶ «እነዚህን ቁጠር» ይለዋል። አዲስ ኮምፒዩተር አፕሌት አይቀበልም ብላ ያረጀውን ከቁም ሳጥን አወጣች። ደስ አለኝ። ያረጀም ይፈለጋል።

ሰኞ

ተናገረ! ናታንና ሺራ፦ «ዝምድና የለም»።

እልል ልል ስል ጠረጠርኩ። «እስቲ እኔንና ወንድሜን ጻፊ» አልኳት። «ዝምድና የለም።» ያንድ እናት ጡት የጠባነውን! ዘሃቫ አፏን ይዛ ሳቀች፤ እኔ ተናደድኩ። በዚህ ነው ልጅ የምንድረው? ናታን ከሠራዊቱ ደውሎ በዕብራይስጡ «ሳባ፣ ኑ? ቤሰደር?»፣ አያቴ፣ እሺ፣ ደህና ነው ወይ ይለኛል። ቤሰደር አይደለም አልኩት።

ረቡዕ

ጥፋቱን አገኘችው። አፕሌቱ ስሞቹን አንብቦ ሳይጨርስ ነው ለካ ስክሪፕቱ የሚጠራው። ገና አንድም ስም አልያዘም፤ የጠየቁትን ሁሉ የለም ይላል።

«ስክሪፕትሽ ባለጌ ነው» አልኳት። እኛ አገር ሰው ቤት የሚሄድ ከአጥር ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል፤ ከውስጥ ድምፅ ሳይሰማ ጉዳዩን አይጀምርም።

«እሱኑ አስተማርኩት፣ አባዬ» አለች። አሁን አፕሌቱ ሲጨርስ ራሱ ገጹን ይጠራል፤ እስከዚያ ቁልፉ ዝግ ነው። እኔንና ወንድሜን ሞከርን፦ «አንድ አባት፣ አንድ እናት»። እንዲህ ነው እንጂ!

ናታንና ሺራን ግን እንዳትነኪ አልኳት። ፈንታ በሌለበት ከተቆጠረ በጓዳ ተመካከሩ ይላል። ደግሞ ሰባት ወይም ስድስት ቢል ለልጁ ምን እለዋለሁ?

ዓርብ

መጡ። ፈንታ ሳይቀመጥ ጀመረኝ። «መርሻ፣ አፍህን ለቆርቆሮ አከራየኸው አሉ።»

«አንተስ ጥርስህን ከሐኪም ገዝተህ የለ?» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ናታን ብቻ አልሳቀም፤ የሺራን እጅ ይዞ ቁልፉን ያያል።

ቁልፉ ተከፈተ፤ ዘሃቫ ተጫነች። «ስምንተኛ ቤት» አለ።

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔም በጣቴ ቆጠርኩ፤ በናታን በኩል ወጣሁ፣ በሺራ በኩል ወጣሁ። ጥሩዬ የምትባል አንዲት ሴት ላይ ተገናኙ። ፈንታም ለብቻው ቆጠረ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየዋለሁ። ቆጠራውን አቆመ። እንደገና ከታች ጀመረ። ሰውየው በጭንቀት ሊገድለኝ ነው አልኩ።

«ስምንት ነው» አለ።

ያላ፣ በሉ እንግዲህ! እልልታው እስከ ጎረቤት ተሰማ። ናታን አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ፈንታ ግን ትክዝ ብሎ ያየኛል።

«ለካ ዘመዴ ነህ! ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰድብህ።»

«ግድ የለም» አልኩት፤ «እኔና አንተ ስድስተኛ ቤት ነን፤ የሚከለከለው ጋብቻ እንጂ ስድብ አይደለም።»