አይታመንም ብዬ የጻፍኳት መስመር

ሐሙስ፣ የካቲት 14
ቢሮ፣ ከምሳ በኋላ

ለድምቡሼ ልጄ፣

ድምቡሼ ስልሽ ፊትሽን እንደምታጨማድጂ አውቃለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ምን ቀረሽ። ግን ሰባት ወር ሙሉ ስልኬን አላነሳሽምና እኔም ደስ ባለኝ ስም እጠራሻለሁ። እንደምን ከረምሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል።

ሰሞኑን ሥራ ላይ አበሳዬን አይቻለሁ። ለሆስፒታል የሠራነው የልብ ምት መከታተያ አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ሲጫን ይንቀራፈፍ ጀመር። ልብ ከመታ ከአራት ሴኮንድ በኋላ ነው መስመሩ ስክሪኑ ላይ የሚወጣው። ሐኪሞቹ "እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ውሰዱልን" አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኔም እንደ ልማዴ ጥፋቱን ፕሮግራሙን በጻፉት ልጆች ላይ ደፈደፍኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ውስጥ ሁሉን የሚያዝ ከርነል የሚባል ክፍል አለ። ፕሮግራም አንድ ነገር ሲፈልግ ሥራውን አቁሞ እሱ ዘንድ ይገባል፤ በር ላይ ተፈትሾ፣ ጉዳዩን ተናግሮ፣ መልሱን ይዞ ይወጣል። ሰዓት ለማወቅ ግን ይህ ሁሉ ውጣ ውረድ የለም። ከርነሉ የሰዓቱን መነሻ ቁጥሮች አንድ ገጽ ላይ ጽፎ ለእያንዳንዱ ፕሮግራም ደጁ ላይ ይለጥፍለታል። ፕሮግራሙ ገጹን ያነብና የኮምፒውተሩን የጊዜ ቆጣሪ አይቶ ራሱ ያሰላል። ከርነሉ ቁጥሩን እያደሰ ሳለ ቢደርስ እንኳ፣ ገጹ ላይ ባለው ምልክት አውቆ ደግሞ ያነባል።

አጠገቤ የሚቀመጠው ጢሞ ወደ ከርነሉ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ሲቆጥር፣ "ጋሼ፣ የእኛው ፕሮግራም በሴኮንድ መቶ ሺህ ጊዜ ሰዓት ለመጠየቅ ከርነሉ ዘንድ እየገባ ነው" አለኝ።

"ደጁ ላይ ያለውን ገጽ ለምን አያነብም?"

ጢሞ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ፋይል አንዲት መስመር አሳየኝ። ቆጣሪው አይታመንም፣ ሰዓት የፈለገ ሁሉ ገብቶ ይጠይቅ የምትል ትእዛዝ ናት። አጠገቧ የጸሐፊው ስምና ቀን አለ። የኔው ስም፣ የዛሬ ስድስት ዓመት።

ያኔ የአንድ ኮምፒውተር ቆጣሪ ይዛነፍ ስለነበር ነው የጻፍኳት። ያ ኮምፒውተር ከተጣለ ቆይቷል፤ መስመሯ ግን ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ስትገለበጥ ኖራለች። እኔም አንድ ቀን መለስ ብዬ አልፈተሽኩም። በሁሉም ፊት "ጥፋቱ የኔ ነው" አልኩ፤ አፈርኩ። ሰርዘናት ቆጣሪውን ሁለት ቀን ሙሉ ከሌላ ሰዓት ጋር አነጻጸርነው፤ ዝንፍ አላለም። ትናንት ሆስፒታል ወስደን ሞከርነው፤ ልብ ሲመታ መስመሩ አብሮ ይነሳል። ነርሷ "አሁን ገና ሰው ሆነ" አለች።

ከዚያ ወዲህ አንቺ ከፊቴ አልጠፋ አልሽኝ። ትምህርትሽን አቋርጠሽ ዓመት ሙሉ "እየተማርኩ ነው" ብለሽ ዋሽተሽኛል፤ አንጀቴን አሳርረሽዋል። ግን ሃያ አንድ ዓመትሽ ነበር። እኔ ከዚያ በኋላ የነገርሽኝን ሁሉ አክስትሽ ጋ እየደወልኩ ሳጣራ ኖርኩ፤ ቤት ተከራየሁ ስትዪ፣ ታመምኩ ስትዪ እንኳ። የእንጨት ሥራ ቤት ከፈትኩ ብለሽ በደስታ የደወልሽ ቀንም፣ ስልኩን እንደዘጋሁ አክስትሽ ጋ ደውዬ "እውነት ነው?" አልኳት። ከእሷ ሰምተሽ "አባዬ፣ እኔ የነገርኩህ አይበቃህም?" አልሽኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስልኬን አላነሳሽም። ልጄ፣ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በዪኝ።

ዛሬ ጠዋት አክስትሽ ደውላ "ስለ ልጅህ ልንገርህ" ብላ ስትጀምር፣ "ተዪው፣ ከራሷ እሰማዋለሁ" አልኳት። "አሞሃል እንዴ?" አለችኝ። ስለዚህ አሁን ስላንቺ የማውቀው ነገር የለም። ሥራው ይሂድልሽ አይሂድልሽ፣ ይድላሽ ይክፋሽ፣ አላውቅም።

እጅሽ የነካው ሁሉ ይባረክ፤ መጋዙም ጣትሽን ይማርልኝ። እንዴት ነሽ? የጻፍሽልኝን አምኜ እተኛለሁ።

አባትሽ