ሄጄበት የማላውቀው የአሰብ መንገድ

ጥር 9 ቀን 1974 ዓ.ም.

የእህቴ ልጅ ታደሰ አዲሱን መንጃ ፈቃዱን ይዞ ሊያማክረኝ መጣ። ወይ ተሳቢ ይዞ አሰብ ይመላለሳል፣ ወይ እንደ እኔ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኖ ሾላ ያራግፋል። ነገ መልስ ይጠበቅበታል።

«የአሰብ ሙቀት ጢምህን ያለ ምላጭ ነው የሚላጭልህ!» ስለው ሳቀ።

«ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ሲልህ ትስቃለህ» ብዬ ጨመርኩለት።

«ጋሼ፣ እርስዎ ስንቴ ሄዱ?»

«ማን ቆጥሮት!»

እኔ እኮ ከደብረ ዘይት አልፌ አላውቅም። ሃያ ዓመት ስመኘው የኖርኩትን መንገድ ትናንት መሪ የጨበጠ ልጅ ሊሄድበት ነው ብዬ በቅናት በገንኩ።

«እንግዲያው እንጨቱ ይሻለኛል» ብሎ ጉልበቴን ስሞ ወጣ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሮጬ እውነቱን ልነግረው ጫማዬን አጠለቅሁ። ክሩን ግን እስካሁን አላሰርኩም።