የአባባ ሸክላና የይሻው ጋቢ

ለምወድህ ወንድሜ ለመርሻ አያሌው
አርባ ምንጭ

ወንድም ዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ ክረምት ከበጋ ሳይል የሚነሣብህ ወገብህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ትዝታስ፣ ልጆቹስ? የአገሩ ሙቀት፣ ወባውስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዳገት ላይ ጉልበቴ ይለግማል እንጂ የሚያስተኛ ሕመም የለብኝም። ጾሙን ሁዳዴን ጀምረናል። ጊደሪቱ ልክ በጾም መያዣ ወለደችና ወተቱን ጥጃዋ ብቻዋን ትጠግበዋለች። እኛ ሽሯችንን እየበላን እናያታለን፣ እሷ እንደ ጌታ ታየናለች።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አስጻፋት ትል ይሆናል። ኔትወርኩ አንድ ቀን ቢሠራ ሁለት ቀን ይጠፋል። ቢሠራም እኔና አንተ «ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ» ከተባባልን በኋላ ሁለታችንም አፋችን ይያዛል። ይህ ወሬ ደግሞ በዚያ መሐል የሚነገር አይደለም። ፊደሉን ብቻዬን ከይሻው አሮጌ ጋዜጦች ለቅሜ የተማርኩ ነኝና ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ ታገሠኝ፤ ቀስ ብለህ አንብበው።

ወሬዬ ይኸውልህ። የአባባ ሸክላ አልተበላሸችም።

ታሪኩን ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ በራሴ ቃል ብዬው አላውቅምና ከመነሻው ልበለው። አባባ አዲስ አበባ ወርደው በገናቸውን ያስቀረጹባት ያቺ ትንሽ ሸክላ፣ ሲያርፉ ያንተ ድርሻ ሆነች። ማጫወቻው ያለው ግን እኛ ቤት ስለነበር አደራ ብለህ እኔ ዘንድ አስቀመጥካት። ማጫወቻውን ባለቤቴ ይሻው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሹፌር ሳለ ከአስመራ ያመጣው ነው። እንደ ታቦት ነበር የሚጠነቀቅለት። ሸክላው እየዞረ ሳለ እንኳ ያን ቡናማ የፕላስቲክ ክዳን ክፍት ካየው አይወድም። «ብዙነሽ፣ ክዳኑን ዝጊ፤ አቧራ ሸክላ ይበላል» ይለኛል። እኔም ዘግቼ መስማት ለመድኩ። በክዳኑ ውስጥ ሸክላው ሲዞር እያየን ነው ያረጀነው።

ይሻው ባረፈ በዓመቱ ለሙት ዓመቱ መጣህ። ዳሱ ሙሉ ሰው ነበር። አንተ ጓዳ ገብተህ «እቴ፣ ነገ ልሄድ ነው፤ የአባባን በገና አንዴ አሰሚኝ» አልከኝ። ሸክላዋን አወጣሁ፤ አቧራ መስሎ ታየኝና በነጠላዬ ጫፍ ወለወልኳት። አስቀመጥኳት፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ውጭ ያሉት ሽማግሌዎች የባሏ ሙት ዓመት ሳይወጣ ሸክላ አጫወተች እንዳይሉኝ ደግሞ የይሻውን ጋቢ አራት አጥፌ ክዳኑ ላይ ደረብኩበት። በገናም ቢሆን ከጓዳ ሲሰማ ማን ይለየዋል ብዬ ነው።

ከዚያ የሆነውን አንተም አትረሳውም። አባባ «ደጄን ጠርጌ አደርኩ» ሲሉ መርፌው ያዘው። አደርኩ፣ አደርኩ፣ አደርኩ እያለ ወደፊት አልሄድ አለ። ጋቢውን ገፍፈህ ክዳኑን ከፍተህ መርፌውን አነሣህና ነጠላዬን አየኸው። ወልውያት ነበር አልኩህ። ያን ጊዜ ነው «አባባን ሁለተኛ ቀበርናቸው» ብለህ የወጣኸው። የነጠላዬ አሸዋ የአባባን ድምፅ እንደ ቢላ ሰንጥቆታል ብዬ እኔም አምኜ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ለእንቁጣጣሽም ለፋሲካም ትደውላለህ፤ ደጄን ግን አልረገጥክም። አልቀየምኩህም። አደራ የበላ ሰው ምን ብሎ ይቀየማል? ሸክላዋን ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አኖርኳት፤ ጋቢውን አጥፌ ማጫወቻው ላይ መለስኩት፤ በዚያው ቀረ። ያቺን ነጠላ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተውኩ። ጎረቤት ነጠላዋ አረጀባት ብሎ ነው የሚያውቀው።

ዘንድሮ ለጥምቀት ትዝታ ስትደውልልኝ ልጃችሁ ርብቃ ሰንበት ትምህርት ቤት በገና መማር ጀምራለች አለችኝ። የአያቷ አደረዳደር እንዴት ነበር ብላ ትጠይቃለች፣ መርሻ ግን ዝም ይላታል አለችኝ። ያ ነገር ሆዴ ውስጥ ገባና አልወጣ አለ። ግማሹም ቢሆን ከምንም ይሻላል፣ እስከሚያዘው ድረስ ልስማና እንዴት እንደነበር በቃሌ ልንገራት ብዬ አሰብኩ። ልቤ እስኪቆርጥ ጾሙ ገባ። መብራትም ጠፍቶ ከርሞ ባለፈው ረቡዕ ከቀትር በኋላ መጣ። ሸክላዋን አወጣሁ። በዚህ ጊዜስ አልወለወልኳትም፤ በአፌ ብቻ እፍ አልኩባት። እንደ ልማዴ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ጋቢውንም እንደ ልማዴ መለስኩበት።

ይህን ጊዜ ጥሩወርቅ ገባች። ጥሩወርቅን ታስታውሳታለህ፣ አጥር የምንጋራት፣ ምላሷ በርበሬ የሆነችው። ወንፊት ልትዋስ ነው የመጣችው። ከጉና ተራራ የሚወርደው ነፋስ ያን ቀን አጥንት ይሰብር ነበርና እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ ቆመች። በገናውን ሰማች፤ ዕቃውን አየችና ሣቀችብኝ።

«እኛ ስንንቀጠቀጥ ዕቃው ጋቢ ደርቧል? ምነው እቴ ብዙነሽ፣ ይሻው ቢኖር እኔን ነበር የሚያለብሰው» አለችና ጋቢውን ከክዳኑ ላይ መንጭቃ ትከሻዋ ላይ ጣለችው።

መልሺ ልላት አፌን ስከፍት አባባ ደጄን ጠርጌ ብለው ጀመሩ። ቃሉ ሲንተባተብ ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ዓይን ሲጨፈን የሚሰማ ነገር የሚቀር ይመስል። አልተንተባተበም። አለፈ፦

ደጄን ጠርጌ አደርኩ እንግዳ ስጠብቅ፣
ነፍሴን ግን ሳልጠርጋት ጌታዋ ቢዘልቅ።

መርሻ፣ ሁለተኛውን ስንኝ ረስቼው ነበር። አንተስ ታስታውሰዋለህ? «ቢዘልቅ» ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለበገናው ይለቁለታል፤ አውታሩ የቀረውን ይጨርሳል። ተቀምጬ አለቀስኩ። ጥሩወርቅ ደነገጠች። «በይ እንኪ፣ ለአንድ ጋቢ እንዲህ ይለቀሳል?» ብላ አውልቃ ጭኔ ላይ ጣለችልኝና ወንፊቱንም ረስታ ወጣች። በማግስቱ ጎረቤቱ ሁሉ እቴ ብዙነሽ ለጋቢ አለቀሰች ይል ነበር። ይበል።

እንባዬን ጠርጌ ነገሩን መረመርኩ። መርፌውን ከዚያ ቃል ትንሽ ቀደም ብዬ አስቀምጬ ክዳኑን ዘጋሁ፤ ጋቢውን መለስኩበት፤ እዚያው ቦታ ላይ ያዘው። ጋቢውን አነሣሁት፤ አለፈ። ክዳኑን ገልብጬ ባየው መሐሉ ወደ ውስጥ ጎብጧል፤ የመርፌው ክንድ ራስ ያሸው ቦታ ነጭ መስመር ሠርቷል። ለካ ክዳኑ የጋቢው ክብደት ሲጫነው ሰምጦ ክንዱን ይይዘዋል፤ ክንዱ ሲያዝ መርፌው ወደፊት መሄድ ያቅተዋል። ሸክላዋን መስኮት ሥር ይዤ ዙሪያዋን አየሁት፤ አንድም ጭረት የለባትም።

ክዳኑን ማን አጎበጠው ካልክ እኔ ነኝ። ለሙት ዓመቱ ቤቱን ሳጸዳ በፈላ ውሃ አጥቤ ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር። እንዲያ ያለ ዕቃ ሙቀት እንደሚጎዳው አላወቅሁም። ያ ጥፋት የእኔ ነው። የአባባ ድምፅ ግን በእጄ አልጠፋም፤ ይህን ለራሴ ስል አሥር ጊዜ ደጋግሜ ብናገረው አልጠገብኩትም።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። አባ ሥቀው «ለክዳን ንስሐ አልሰጥም፤ ወንድምሽ ግን ይህን አልሰማም። ሳትነግሪው ዝም ካልሽ ያ ነው ንስሐ የሚያሻው» አሉኝ። ስለዚህ ቀለም ገዝቼ ተቀመጥኩ።

አሁን እንዴት እንደምሰማ ልንገርህ፤ አንተ ስትመጣ ከእኔ ጋር እንዳትከራከር። ክዳኑን ያለ ጋቢ ዘግቼ ሞከርኩት። ያልፋል፤ ነገር ግን ወፍራሙ አውታር ሲመታ ክዳኑ አብሮ ይንዘፈዘፋል። በገና ራሱ ይንዘፈዘፋል ትለኝ ይሆናል፤ ይኼኛው ግን ሌላ ነው፤ ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ እንደ ገባ ንብ ነው። ክዳኑን ከማጠፊያው ፈትቼ አልጋ ላይ ባስቀምጠው አባባ ልክ ወንበር ስበው አጠገቤ የተቀመጡ መሰሉ። አቧራውንም አልረሳሁም። የሰፈራችንን መንገድ ለአስፋልት ቆፍረው ትተውት መኪና ባለፈ ቁጥር ቤቱ ዱቄት የተነፋበት ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ በመንገዱ በኩል ያለውን መስኮት እዘጋለሁ፤ ወለሉን ውሃ አርከፈክፋለሁ፤ ብናኙ እስኪረጋ ጥቂት እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ነው ክዳኑን የማነሣው። ሰምቼ ስጨርስ ወዲያው እከድናለሁ። ይሻውን በልቤ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። የእሱ ነገር ለማይጫወት ሸክላ ትክክል ነው፤ ለሚጫወት ግን እኔ የራሴን ይዣለሁ። በሕይወት ሳለ አንድም ቀን እንዲህ ተከራክሬው አላውቅም።

አሁን የምለምንህን ስማ። ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህ የሰፈራችን ልጅ ሙላቴ ነው፤ ሥራ አግኝቶ ወደ አንተ አገር ይወርዳል። ሸክላዋን በእሱ እጅ ልላካት ብዬ ጠቅልያት ነበር፤ መልሼ ፈታኋት። ድርሻህ ናትና ልውሰዳት ካልክ ውሰዳት፤ ግን መጥተህ ከእጄ ተቀበለኝ። ርብቃንም ይዘሃት ና። መንገዱ ሰላም ከሆነ ለሆሳዕና ብትደርሱልኝ ለፋሲካ ጾሙን አብረን እንፈታለን። ካልሆነ ደግሞ ክረምት ሳይገባ በማንኛውም ጊዜ።

ሐሙስ ዕለት ሸክላዋን ወደ ጀርባዋ ገለበጥኳት። መርፌውን ላሳርፍ እጄን ዘረጋሁና መለስኩት። በዚያኛው ፊት አባባ ምን እንዳሉ ጨርሼ ረስቼዋለሁ። አንተም አባባ ሲያስቀርጹት ልጅ ነበርክ። ብቻዬን አልሰማውም። እንዳለ ተቀምጧል።

ለትዝታ ሰላምታዬን ንገርልኝ፤ ስለ ርብቃ ባትነግረኝ ኖሮ ይህ ሁሉ ሣጥን ውስጥ በቀረ ነበር፤ ውለታዋ አለብኝ። ርብቃን ጣቶቿን ሳምልኝ፤ አውታሩ ጣት ሲያቆስል እንዳትተወው በላት፤ የአያቷም ጣት በቆዳ ላይ ቆዳ አብቅሎ ነበር። አማኑኤልን በትምህርቱ እንዲበረታ አክስትህ ብላሃለች በለው፤ ቁመቱ አንተን አልፏል ሲሉኝ አላምንም ብያለሁ፤ ደጃፌ ላይ ለክቼ አምናለሁ። ለአንተ ግን ሰላምታ አልጽፍም፤ በራፌን ስትገባ በአፌ እሰጥሃለሁ።

እህትህ ብዙነሽ አያሌው
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.