ጥፍር የማይገባበት ጭረት

ለልጄ፣

ሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጢሜን ራሴ እላጫለሁ፣ ልብሴን ራሴ አጥባለሁ፣ አልጋዬን ራሴ አነጥፋለሁ፣ መኪናም እነዳለሁ። ስለ መንዳቱ ኋላ እመለስበታለሁ። ይህንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የምጽፈው። ጎረቤቴ የመኪና ቀለም ቀቢው «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩኝ፣ እኔ ልጻፍልዎ» ብሎኝ ነበር፤ የቤቴን ነገር በሰው እጅ አላስጽፍም አልኩት። ፊደሉ ቢንጋደድ አንቺ ታቃኚዋለሽ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽስ ደህና ነው? አዎ፣ እኔው ነኝ የጠየቅኩት፤ መነጽርሽን አትወልውዪ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽ ካረፈች አምስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ የቤቱን ጭርታ ለምጄዋለሁ። አንቺ በዚህ በር ካልገባሽ ስምንት ወር መሙላቱን ግን አልለመድኩትም።

አሁን ወሬዬን ልንገርሽ፣ አላስችል ብሎኛል! መኪናዋ ዳነች! ያ ከፊት በር እስከ ኋላ በር የተጋደመው ጭረት፣ እኔና አንቺን ያኳረፈን ጭረት፣ ድራሹ ጠፋ! በእነዚህ እጆቼ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀለም ቀቢው ሁለቱንም በር ገፍፌ እንደ አዲስ ልቀባልዎ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። እናትሽ የመረጠችውን ቀለም ማንም አይገፈውም ብዬ እምቢ አልኩ። ማክሰኞ ዕለት ታከተውና «እሺ ጋሼ፣ ጥፍርዎን በጭረቱ ላይ ይጎትቱት። ጥፍርዎ ከገባ የእኔ ሥራ ነው፤ ካልገባ እርስዎም ይችሉታል» አለኝ። ጎተትኩ። አልገባም! አንድም ቦታ አልያዘኝም። እንግዲህ ሌላ ደንበኛ ፈልግ አልኩት። ሳቀና ግማሽ ቆርቆሮ የመኪና መወልወያ ፖሊሽ አምጥቶ ሰጠኝ።

በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ መኪናዋን ጥላ ውስጥ አቆምኳት፤ ፀሐይ ላይ ፖሊሹ ቶሎ ይደርቃል ብሎኛል። አቧራ ከቀረባት ሌላ ጭረት ይወልዳል ስላለኝም በሳሙና አጥቤ አደረቅኳት። መጀመሪያ ግን ፖሊሹን አላመንኩትምና በጥርስ ሳሙና ሞከርኩ። ምን ያስቅሻል? የቀረኝ ሦስት ጥርስ ነው፤ ለሦስት ጥርስ ያን ሁሉ ሳሙና ምን ላደርገው! ጭረቱ ትንሽ ደብዘዝ አለ እንጂ አልለቀቀም። ያኔ ወደ ፖሊሹ ዞርኩ። ጨርቁ ለስላሳ ጥጥ ይሁን ስለተባልኩ አንቺ የገዛሽልኝን ነጭ ካናቴራ ቀደድኩት። አትቆጪኝ፣ ለቁም ነገር ነው።

ሳይጫኑ፣ ትንንሽ ክብ እየሠሩ ይሹት ነው የተባልኩት። እኔን ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ሳልጫን የሠራሁት ሥራ የለም። ያ ሰውዬ ሁለት ጊዜ በአጥር ብቅ እያለ «ጋሼ፣ ልብስ እያጠቡ እኮ አይደለም፣ ቀስ!» ብሎ ጮኸብኝ። ቀስ አልኩ። አንድ ስንዝር አሸሁ፣ ጠረግኩ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ልጄ፣ ፊቴን አየሁት! እንደ መስተዋት! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝ፤ «ወይኔ!» ብዬ ስጮህ ቀለም ቀቢው የወደቅኩ መስሎት እየሮጠ መጣ።

ከዚያ ጨርቁን ገለበጥኩት። አረንጓዴ ሆኗል።

ፖሊሹ ነጭ ነው፣ መኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ናት። ይሄ ከየት መጣ ብዬ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጭረት የሚመስለው አብዛኛው የሌላ ነገር ቀለም ነው። አረንጓዴ ነገር ታካ ተለጥፎባት ነው» አለኝ። ዓይኑ ወደ አረንጓዴው የግቢያችን በር ሄደ። የእኔም ሄደ።

ያን ቅዳሜ ታስታውሺዋለሽ። ጠዋት ገበያ ደርሼ የተመለስኩት እኔ ነኝ፣ ሬዲዮዬን እስከ ጥጉ ከፍቼ። ከሰዓት ባልሽ መኪናዋን ሊዋሰኝ መጣ። ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ግን ከጓዳ የተረፈ ቀለም አውጥቶ የግቢውን በር ቋሚ ሲቀባ አገኘሁት። ማን ለመነህ፣ ሥራ ፈት፣ አልኩት። «ዝጓል አባባ» አለኝ። አመሻሽ ላይ ሲመልሳት ጭረቱን አየሁ። ያልኩትን አልደግመውም፤ አንቺም ሰምተሻል። እሱ አንገቱን ደፍቶ «ይቅርታ አባባ፣ እኔ ነኝ» አለ። አንቺ ቦርሳሽን አነሳሽ።

ጨርቁን እንደያዝኩ ወደ ቋሚው ሄድኩ። እሱ የቀባው ቦታ፣ ወገቤ ጋ፣ ከሌላው ይደምቃል። ጥፍሬን አሳረፍኩበት። እዚህ ገባ። አረንጓዴው ተላጠ፣ ከሥሩ የመኪናዋ ጥቁር ሰማያዊ ወጣ፤ የእኔ የዚያን ጠዋት ሥራ።

እዚያው ቋሚው ሥር ቁጭ አልኩ። ደስታዬ ጠፋ እንዳትዪ፣ ይልቅ ባሰብኝ! እንዲህ ያለ ሰው ነው ለካ ልጄን ያገባት! ስምንት ወር ሙሉ! ለአንቺስ ነግሮሻል? አልነገረሽም። ነግሮሽ ቢሆን ቁልፌን በማግስቱ በነጠቅሽኝ ነበር።

መኪናዋን ሰም ቀብቼ ጨርሻለሁ። እሑድ ኑልኝ፣ ሁለታችሁም። ፈጣሪ ወገብሽን ያጽናልሽ፣ ቤታችሁን ሳቅ አይንሳው፣ ችሎ የሚያልፍሽን ሰው ከጎንሽ አያጉድልብሽ።

እስከዚያው ዕዳዬን ራሴ እከፍላለሁ፣ ማንም አያግዘኝ። ለቀለም ቀቢው፣ ግማሽ ቆርቆሮ ፖሊሽና አንድ ጥሩ ምሳ። ለዓይን ሐኪሙ፣ አንቺ አስይዘሽልኝ የቀረሁባቸው ሁለት ቀጠሮዎች። ለቋሚው አንድ እጅ ቀለም፤ እሱን ግን ባልሽ ሳያየው አልቀባውም። ለባልሽ፣ ያን ቅዳሜ ከአፌ የወጣውን ሁሉ አንድ በአንድ፤ አደራ፣ አንቺ ቀድመሽ እንዳትነግሪልኝ፣ በሩ ላይ ቆሜ ራሴ እነግረዋለሁ። ከዚያም የመኪናዋ ቁልፍ፣ በመዳፉ።

ከእንግዲህ ከሾፌሩ ጎን የሚቀመጠው
አባትሽ